ለሁለተኛ ጊዜ አፍ የፈቱት ሙሉመቤት ምንይሉ

በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ እኅታችንን የምትሸኙ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ፤ የኖሩትን ሁሉ ማንበብ ባይቻልም ጥቂቱን ስሙልን።

እትዬ ሙሉመቤት ከጎጃም መጥተው መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ከከተሙት ከአባታቸው ከአቶ ምንይሉ ታፈረ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰብለ ወንጌል አየነው በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ፤ የክርስትና ስማቸውም ወለተ ኪዳን ተባለ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል እንዳደረሱ አባታቸው ስለታመሙ ደብተሩን አስቀምጠው የእሳቸውን የቤት ዕቃ ሱቅ ያዙ። የዚያን ጊዜዋን መርካቶ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ የእንጨቱ በር ማለዳ ሲከፈት ድምፁ ከራጉኤል ደወል ቀጥሎ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ነበር፤ እሳቸውም ከድስትና ከሳህኑ መካከል ሆነው “እናቴ! ወንድሜ! ግቡ እንጂ!” ሲሉ፣ እንኳን ሊገዛ የመጣው መንገድ የጠፋበትም ጎራ ይል ነበር።

ከአቶ ዘውገ ደምሴ ጋር በሥጋ ወደሙ ተጋብተው ፀደንያንና ቢኒያምን ወለዱ። አቶ ዘውገ ቻይና እየተመላለሱ ዕቃ ያስመጡ ስለነበር፣ እሳቸው በድንገት ሲያርፉ ሸክሙ ሁሉ በእትዬ ሙሉመቤት ትከሻ ላይ ወደቀ። እዚያ ማዶ ያለው አስተርጓሚ በስልክ የተነገረውን እንደመሰለው እያዘዘ፣ አንድ ክረምት አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ማንቆርቆሪያ ያለ ክዳን መጣ። የምን አለሽ ተራ ቀጥቃጮች ከቆርቆሮ ክዳን ሠርተው ባይደርሱላቸው ኖሮ ሱቁ ያኔውኑ ተዘግቶ ነበር።

እትዬ ሙሉመቤትም “በሰው አፍ እየነገድኩ ልጆቼን አላሳድግም፤ ሄጄ ቋንቋቸውን እማራለሁ” ብለው ተነሡ። ዕድሜያቸው አርባ አራት ነበር። የሱቅ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሀፍሷ “አንቺ ሴት፣ አማርኛሽንም እዚያው ጥለሽው እንዳትመጪ!” ብለው ቢስቁባቸውም፣ ሱቁንም ልጆቹንም እኔ አለሁላቸው ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እንዳሉትም አደረጉ።

ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሲገቡ አጠገባቸው የተቀመጡት ሁሉ በልጆቻቸው ዕድሜ ያሉ ነበሩ። ፊደሉ ሥዕል ሆነባቸው። መምህሩ ሲጠይቋቸው፣ መልሱን እያወቁት እንኳ እንዳይሳቅባቸው ፈርተው ዝም ይሉ ነበር። ማለዳ ውዳሴ ማርያማቸውን ደግመው “እመቤቴ፣ ወይ ምላሴን ፍቺው ወይ ወደ ልጆቼ መልሺኝ” እያሉ ያለቅሱ እንደነበር ኋላ እየሳቁ አጫውተውናል። የትምህርቱ ጊዜ ግን እየተጋመሰ ሄደ፤ እንዲያው እንደሄዱ ከተመለሱ ደግሞ የአባታቸውን ሱቅ ከመሸጥ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ከክፍል ወጥተው የድስት ገበያ ሲዞሩ፣ ወይዘሮ ሊን የሚባሉ ባለሱቅ ሱቃቸውን ክፍት ትተው ለምሳ ሲወጡ አዩ። እኛ ዘንድ ባለሱቅ ለስግደት ወይም ለምሳ ብድግ ሲል ጎረቤቱ ገብቶ ይቀመጥለታል፤ የሚለምንም የሚያመሰግንም የለም። እትዬ ሙሉመቤትም ያሉበትን አገር ረስተው፣ ገብተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ገዢ መጣ። የሚያውቁትን ቃል እየተናገሩ፣ የጎደለውን በእጃቸው እየሞሉ፣ ድስት ሸጡለት።

ወይዘሮ ሊን ሲመለሱ የማያውቋት ሀበሻ ወንበራቸው ላይ ተደላድላለች። ሌባ መስላቸው ጩኸቱን አቀለጡት፤ ገበያውም ግር ብሎ መጣ። እትዬ ሙሉመቤት ያን ጊዜ ለማፈር እንኳ ፋታ አላገኙም፤ በተሰባበረ ቻይንኛ “ሌባ አይደለሁም! በእኛ አገር ጎረቤት ሱቅ ይጠብቃል! እንኪ፣ ድስት ሸጥኩልሽ!” እያሉ ከሰው ሁሉ ጋር ተሟገቱ። ወይዘሮ ሊን የተሸጠበትን ዋጋ ሲያዩ “እኔ ከምሸጠው በላይ ሸጠሽዋል እኮ!” ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ “በይ ነገም ነይ” አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት የወይዘሮ ሊን ሱቅ ሆነ። ጠዋት የተማሩትን ከሰዓት በገዢ ላይ ይሞክሩታል፤ ገዢው ያልገባውን በማግስቱ መምህሩን ይጠይቃሉ። ሲሳሳቱ ይሳቅባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ስቀው ደግመው ይሉታል። በዚህ ሁኔታ ዓመቱ ሳይሞላ ያለ አስተርጓሚ ፋብሪካ ገብተው፣ ዕቃውን አገላብጠው አይተው፣ ተከራክረው፣ በገዛ አፋቸው አዘው ተመለሱ።

መርካቶ ከገቡ በኋላም “በዚህ ዕድሜዬ ምላሴ ደርቋል፤ እርስዎ ይዘዙልኝ” የሚላቸውን ነጋዴ ሁሉ እንቢ አሉ። የአውቶቡስ ተራዋ ነጋዴ ወይዘሮ ጫልቱ ምስክር ናቸው፤ እትዬ ሙሉመቤት ለወይዘሮ ሊን ደውለው ስልኩን እጃቸው ላይ ጣል ያደርጉና “በያ፣ አናግሪያት!” ብለው ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር። ስንቱ ሰው በዚያች ስልክ ላይ ላብ ላብ እያለው ተማረ!

በኋላ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በሐኪምም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ንስሐ ገብተው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ትናንት ማለዳ በስልሳ ዓመታቸው አረፉ። ወይዘሮ ሊን ሕመማቸውን ሊጠይቁ ሲደውሉ ቤቱ በልቅሶ ላይ ነበር፤ ማን ይንገራቸው? እናቷ አጠገብ ቻይንኛውን ስትሰማ አድጋ አንድም ቀን ለመናገር ደፍራ የማታውቀው ልጃቸው ፀደንያ ስልኩን አነሣች። ቃሉ እየጠፋባት፣ እየተሳሳተች፣ እየደገመች፣ የእናቷን ዕረፍት በቻይንኛ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሊንም እስክትጨርስ ድረስ ሰሟት፤ ከዚያም ሁለቱ አብረው አለቀሱ።

እትዬ ሙሉመቤት ልጆቻቸውን ፀደንያንና ቢኒያምን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ሐመልማልን፣ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ሀፍሷን፣ ባሕር ማዶም ወይዘሮ ሊንን ትተው ሄደዋል።

የሰውን ቋንቋ ሁሉ፣ የተሰባበረውንም ጭምር የምትሰማ አምላክ ሆይ፣ የአገልጋይህን የወለተ ኪዳንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ አሳርፍልን፤ ለልጆቿም መጽናናትን ስጥልን። አሜን።