ካፖርቱና ብርድ ልብሱ

በጠባቡ መንገድ ዳር ሁለት ቤቶች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በአንደኛው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ይኖራሉ፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ ትከሻውን በዓይናቸው ስለሚለኩ ሰፈርተኛው «አቶ ልኬ» ይላቸዋል። በሌላኛው ትምህርት ቤት ብዙም ሳትውል ከአሮጌ መጻሕፍት ራሷን ያስተማረች የላውንደሪ ሠራተኛ አለች፤ ስለ አንደበቷ «ምላጭ» ይሏታል። የብርዱን ወራት ሁሉ ግድግዳ ተጋሩ እንጂ ወግ አልተጋሩም።

ፀሐይ ብቅ ባለችበት አንድ ጠዋት አቶ ልኬ ካፖርታቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው፣ በቆርቆሮ ያፈሏቸውን የአትክልት ችግኞች ደርድረው አፈር ይቆፍራሉ። ምላጭ ወደ ሥራ ስታልፍ ቆም አለች።

«እንደምን አደሩ አባባ? ምን እየቀበሩ ነው?»

«ደህና ነኝ ልጄ። መትከል ነው እንጂ ምን መቅበር አለ! ደበርጃን ነው።»

«ዛሬ ከሆነማ መቅበር ነው።»

አቶ ልኬ ቀና አሉ። ቅጽል ስሟን ማን እንዳወጣላት ባያውቁም፣ ሰውየው ልክ መውሰድ ያውቃል አሉ በሆዳቸው።

«ስሚ፣ እኔ ዕድሜዬን በልብስ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ካፖርት ሲወልቅ ጸደይ ገባ ማለት ነው፤ ጸደይ ሲገባ ይተከላል። አለቀ።»

«አምናስ በዚህ ሕግ ተክለው ምን በሉ?»

«አምና ውርጭ መታው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ካቻምና አልሞተም፤ እንዳኮረፈ ልጅ ቢጫ ሆኖ አላድግም አለ።»

«ሁለት ዓመት ያኮረፈን ምን አስቀየምኩህ ብሎ መጠየቅ አይገባም? እስቲ እጅዎን አፈሩ ውስጥ ያቆዩት።»

አቶ ልኬ ጣታቸውን አስገብተው ቶሎ አወጡት። የማለዳ መቀስ ይመስል ይቀዘቅዛል።

«ሥራ ቤት የማየውን ልንገርዎ» አለች። «መጀመሪያ የሚታጠበው ካፖርት ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ የሚመጣልን ስንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ካፖርት የሚወልቀው ለቀን ነዋ! ደበርጃን ግን ውጭ ነው የሚያድረው፤ ብርድ ደግሞ ጠላቱ ነው። ካፖርቱን ሳይሆን ብርድ ልብሱን ይጠይቁ።»

ሽማግሌው ሊስቁ ብለው ተዉት።

«ብልህ ነሽ። ግን ብቻውን የሚተኛ ሰው ብርድ ልብሱን መቼ ይጥላል? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እኔ በሐሩሩም አልለየውም።»

ምላጭ ሌሊት ሌሊት በግድግዳው ማዶ የምትሰማው ሳል ትዝ አላት።

«ታዲያ ምን ያስቸኩልዎታል?» አለች ቀስ ብላ።

«ዘሩ የሷ ነው፤ በእጇ የለቀመችው። ከዚህ በኋላ ፍሬ አልቀረኝም። ደግሞ…»

«ደግሞ?»

«ደጅ ስቆፍር አላፊ አግዳሚው ‹በርቱ› ይለኛል። ቤት ውስጥ ማን ይለኛል?»

ብዙ ችኮላችን እንዲህ ነው፤ ሥራ እንለዋለን፣ ውስጡ ሲገለጥ ግን የሰው ናፍቆት ነው።

«እንግዲያው አይትከሏቸው፤ ያናፍሷቸው» አለች ምላጭ። «ጠዋት ያወጧቸዋል፣ ማታ ያስገቧቸዋል። መጀመሪያ ጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓት፣ ኋላ እየጨመሩ ፀሐይ ላይ። ችግኙ ነፋስ ይለምዳል፤ እርስዎም ሲያወጡ አንዴ፣ ሲያስገቡ አንዴ ሰው ያገኛሉ።»

«ብርድ ልብሱን ማን ይጠይቅልኝ?»

«የእኔስ? የአንድ ሌሊት ሙቀት ያታልላል፤ ሌሊቶቹ ተከታትለው ሲሞቁና ጥዬው ሳድር ግድግዳውን አንኳኳለሁ።»

አቶ ልኬ ካፖርታቸውን መልሰው ለበሱ።

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮዎቹ ሲወጡና ሲገቡ መንገደኛው «አቶ ልኬ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረሱ?» ይላቸው ጀመር። «ገና መዋዕለ ሕፃናት ናቸው!» ይላሉ እሳቸውም። አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ በሰፈሩ ተቸኩሎ የተተከለውን ሁሉ አጠቆረው። አቶ ልኬ መስኮታቸው ሥር ያሉትን ችግኞች አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ከዚያም ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ጣል አድርገው አዳመጡ። ዝም ነው። ሳምንታት ዝም አለ።

በመጨረሻ ሊነጋጋ ሲል ግድግዳው ተንኳኳ።

«አባባ! ጣልኩት!»

አፈሩ አሁን ካውያ እንዳለፈበት ጨርቅ ለብ ብሏል። ተከሉት፤ ደበርጃኑም አላኮረፈም። ዘግይቶ ሞቅ ባለ አፈር ውስጥ የገባ ችግኝ ቀድሞ በብርድ የደነዘዘውን ደርሶ ያልፈዋል፤ አበባው አይረግፍም፤ ፍሬው ለምግብ ተርፎ ለዘር ይበቃል። ምላጭም ከመጀመሪያው ፍሬ ድርሻዋን አገኘች፤ ከዘሩም ጭምር፣ «አንዱ ቤት ቢጠፋ ሌላው ቤት ይገኛል» ተብሎ።

አንድ ጠዋት ለሥራ ስትለባበስ ግድግዳው ከወዲያ ማዶ ተንኳኳ።

«ምን ሆኑ አባባ?» አለች ደንግጣ።

«ምንም ልጄ፤ ለወሬ ነው» አሉ አቶ ልኬ። «እኔም ጣልኩት።»