የእንሽላሊቷ ጅራት እና የኔታ ወልደ ሐዋርያት

ከዚህ በታች በሠፈረው ቃል ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሸት ብትገኝ ላሜ ትንጠፍ፣ ቀፎዬም ማር አልባ ይቅር። ደብራችን ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ምስክሬ ነው። እኔን የሻምበልን ያጋንናል የሚል ሰው ሰቆጣ ውስጥ ካለ አያውቀኝም ማለት ነው፤ እኔ እንዲያውም እየቀነስሁ ነው የማወራ።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ፣ ከወልድያ የሚመጣው አውቶቡስ ከከተማው መግቢያ ጭቃ ያዘው። በመንገድ ሳልፍ ደረስሁና በዚህ ትከሻዬ ገፍቼ አወጣሁት። ተሳፋሪው ሁሉ አብሮኝ ይገፋ ነበር፤ ለስሙ ያህል ነው እንጂ። ከገፊዎቹ መካከል የጎረቤቴን የየኔታ ወልደ ሐዋርያትን ልጅ ሠርካለምን አየኋት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ቤይሩት ሰው ቤት ልትሠራ የሄደች፣ እዚያም ጦርነት ሲነሣ የሸሸች ልጅ ናት። ሻንጣ አልያዘችም። በእጇ ያለው ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ዕቃ ብቻ ነበር። ምን እንደሆነ ብጠይቃት ከፈት አድርጋ አሳየችኝ፤ ቢጫ መልክ ያላት፣ እንደ ነብር ጥቁር በጥቁር የተነጠበች እንሽላሊት። ጅራቷ ከጣቴ ይወፍራል። ዐረቦቹ እንዲህ ያለችውን በቤት ያሳድጓታል አለችኝ።

እኔ የተማርሁ ሰው ስለሆንሁ አልደነገጥሁም። ያሳሰቡኝ አባትዋ ናቸው። የኔታ የማኅሌት አቋቋም መምህር ናቸው፤ ሲያስነጥሱ እዚያ ዝቋላ ወረዳ ያለ ፍየል ይደነብራል። ስለዚህ እስከ ቤት ሸኘኋት።

የኔታ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፤ አለቀሱም። ቀጥሎ ዕቃውን ከፍተው አዩ።

«ሰው ከዐረብ አገር ወርቅ ይዞ ይመጣል። አንቺ የእባብን የአክስት ልጅ ይዘሽልኝ መጣሽ?»

ሠርካለም አንገቷን ደፍታ በእርጋታ አስረዳቻቸው። የአሠሪዎቿ ልጅ ለትምህርት ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እንሽላሊቷንም፣ ስለ አያያዟ የሚናገረውን መጽሐፍም ለእሷ ትቶላት ነበር። በዚያ ቤት ከትእዛዝ በቀር የሚያናግራት አልነበረም። ማታ ማታ ከዚህች ፍጥረት ፊት ተቀምጣ ጅራቷን ስታነብ ነው ያልከፋት።

«ጅራት ይነበባል?» አሉ የኔታ፤ ጎንበስም አሉ።

በዚህ ጊዜ እንሽላሊቷ ጅራቷን ከፍ አድርጋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያለች ማወዛወዝ ጀመረች። የየኔታ ፊት በራ። በማኅሌት ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው በዝግታ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዙ ዝማሜ ይባላል። የኔታ ዕድሜያቸውን ያስተማሩት እርሱን ነው። እንስሳይቱ ዘምማ የተቀበለቻቸው መሰላቸውና ሊዳስሷት ጣታቸውን ሰደዱ። ሠርካለም «አባባ ይተዉ» ብላ ሳትጨርስ ጣታቸው ተነከሰ።

የኔታ መቋሚያቸውን አነሡ። እኔ ከአየር ላይ ቀለብሁት። ሠርካለም ዕቃውን በደረቷ ሸፍና ቆመች።

«እሷን ከገደሏት እኔም እወጣለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ግን አልጮኸም። «እርስዎን ተዳፍሬ አይደለም። በሰው አገር ሰው የሆነችኝ እሷ ናት።»

መቋሚያውን መለስሁላቸው፤ ዳግም አላነሡትም። የኔታ ያቺን አንዲት ልጅ ገና ዛሬ ነው ያገኟት።

«ዘምማ ተቀብላኝ ለምን ነከሰችኝ?»

«ዝማሜ አይደለም አባባ። ጅራቷን አንሥታ በዝግታ ስታወዛውዝ ፈርቻለሁ፣ አትቅረቡኝ ማለቷ ነው። አስቀድማ ነግራዎት ነበር።»

«ውሻ ጅራቱን ሲቆላ ወዳጅነቱ አይደለም እንዴ?»

«የውሻውስ ነው። የሁሉን ጅራት በውሻ ቋንቋ ካነበብን ግን መነከሳችን አይቀርም። እሷ ፌንጣ አይታ ልቧ ሲነሣ የጅራቷን ጫፍ ብቻ ታርገፈግፋለች፣ ቶሎ ቶሎ።»

«እርሱስ ጽፋት ነዋ» አሉ የኔታ፤ ጽፋት በማኅሌት ጭብጨባው የሚፈጥንበት ነው። ቁጣቸው እየበረደ፣ መምህርነታቸው እየነቃ ሄደ። «ዝማሜው ፍርሃት፣ ጽፋቱ ደስታ። የተገለበጠ ዜማ ነው ያላት።»

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ገባሁ። በቅሎ ጆሮዋን ወደ ኋላ ስትጥል ከኋላዋ የሚቆም ሞኝ በዋግ የለም፤ የበቅሎን ፊደል ቆጥረናልና። ያልቆጠርነውን ፊደል ግን ርግማን እንለዋለን አልኋቸው። ንግግሬ ሰፊ ነበር፤ ለአንባቢ አዝኜ አሳጠርሁት።

የኔታ ጅራቷ ለምን እንደወፈረ ጠየቁ።

«ጎተራዋ ነው አባባ። በጥጋብ ጊዜ ስቧን እዚያ ታስቀምጣለች፣ በራብ ጊዜ ከዚያ ትኖራለች። ከሳ ካለ ታማለች ወይም ርቧታል።»

የዋግ ሰው ጎተራ ሲባል ቀልድ አያውቅም። የኔታ ተቀመጡ።

«ፍርሃቱ ቢበረታባትስ?»

«ጅራቷን ጥላ ትሸሻለች።»

«ጎተራዋን?»

«አዎ። ነፍሷ እንድትተርፍ።»

የኔታ ያን ጊዜ የልጃቸውን ባዶ እጅ አዩ። ሻንጣሽስ የሚለው ጥያቄ ከደረሰች ጀምሮ በአፋቸው ነበር፤ እኔ ፊታቸውን አንብቤዋለሁ።

«አንቺም ጥለሽው ነው የመጣሽ?»

«ያጠራቀምሁትን ሁሉ፣ አባባ።»

«የጣለችው መልሶ ይበቅላል?»

«ይበቅላል። እንደ ፊተኛው አያምርም እንጂ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደገፉ። «በሰባ ሰባቱ ራብ እኛም ቤት ጥለን፣ ነፍስ ይዘን ወጥተናል። ወርቅ ብዬ ያልሁትን እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነፍስሽን ይዘሽ መጣሽልኝ፤ ተመስገን።» ለእንሽላሊቷም ሙቀት ትወዳለች ስለተባሉ ከምድጃው አጠገብ፣ ከራሳቸው መደብ በላይ ቦታ ሰጧት።

የመጣውን ጥቅም ብዘረዝር ወረቀት አይበቃኝም። የኔታ አለንጋ ሳያነሡ በፊት የተማሪውን እግር ማየት ጀመሩ፤ የሚንቀጠቀጠው ሰነፍ ሳይሆን የፈራ ወይም የራበው መሆኑን አወቁ። ወሬው አምደወርቅ ደረሰ፣ ኒሯቅም ተሻገረ። ላሟ ረገጠችኝ ብሎ የሚማታ ጠፋ፤ ሁሉ ጡቷ ቆስሎ ይሆን ብሎ መመርመር ያዘ። ወገኖቼ፣ አፍ የሌለው ሁሉ ይናገራል። ሳንሰማ እንዳንማታ ላስተማረችን ልጅ ምስጋና ይግባት።

ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ ለባለቤቴ ለባንቺ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር፤ እስክጨርስ አንገቷን አላቀናችም።

«አንተ ሰው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የኔታ መቼ ልጅ ወለዱ? ሠርካለም የኛው ልጅ ናት። የተነከሰውም ያንተ ጣት ነው።»