የህንድ ፊልምና የእናቴ ኩርፊያ

በዘመነ «ጓድ» ነው። ልደታ፣ ቀበሌያችን አዳራሽ የህንድ ፊልም እያየን ነው። በልጅነታቸው የተጠፋፉ ሁለት ወንድማማቾች ሳይተዋወቁ ሊቧቀሱ ሆነ። እናቴ አላስቻላትም፤ ብድግ አለችና «ኧረ ወንድምህ ነው!» ብላ ጮኸች። ከኋላ ሌላ ሴት «ጠባሳውን አታይም፣ አንተ ደንባራ!» ብላ ተቀበለቻት። ዞር ብንል አክስቴ ናት! ከእናቴ ጋር አጥራቸው አንድ ሆኖ፣ በአንድ አውራ ዶሮ ሰበብ ከተኳረፉ ከርመዋል።

ሊቀመንበሩ ፊልሙን አስቆመ። «ጓዶች፣ መጀመሪያ እነዚህ እህትማማቾች ይታረቁ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «እነሱ እኮ የሚጣሉት ስላልተዋወቁ ነው፤ እኛ የተጣላነው በደንብ ስለምንተዋወቅ ነው!» አለች።

«እውነቷን ነው!» አለች አክስቴ።

ከዶሮው ጠብ ወዲህ ሲስማሙ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።