ጥላ የተማረው ስልኬ

ምን ገጠመኝ መሰላችሁ! አሶሳ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ፎቶ አይቶ፣ ገበቴ ውስጥ ያለው አሸዋ ወርቅ ይኑረው አይኑረው የሚለይ ፕሮግራም ስልኬ ላይ ሠራሁ። ያስተማርኩት መንጌ ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶችን ገበቴ እየዞርኩ ባነሳኋቸው ፎቶዎች ነው። ቢሮ ስፈትነው አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ደረቴን ነፍቼ ወደ ወንዙ ተመለስኩና ከአጣቢዎቹ በዕድሜ ትልቋን፣ እማማ አሻን፣ "እስቲ ይፈትኑት" አልኳቸው። ባዶ አሸዋ ዘግነው ገበቴውን ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ስልኩ "ወርቅ የለም" አለ። ኮራሁ። እዚያው አሸዋ ላይ ጎንበስ ሲሉበት ግን "ወርቅ አለ!" ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ኡስታዝ፣" አሉኝ እማማ አሻ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "እኛ ወርቅ ስናይ ጎረቤት እንዳያይብን ጎንበስ ብለን እንከልላለን። ፎቶ ስታነሳንም እንደዚያው ነበርን። ስልክህ የተማረው ጥላችንን ነው።"

"ማሽን የሚማረው ያሳያችሁትን እንጂ የፈለጋችሁትን አይደለም" እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሰልችቻለሁ መሰላችሁ! አፍሬ ስልኬን ኪሴ ልክተት ስል እማማ አሻ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"አትቆጣው፤ ስልኩ ጎበዝ ተማሪ ነው። ወርቅ የማያውቀው አስተማሪው ነው።"