በኅዳር ሲታጠን ዕለት ማሽኑ ስለ መቆሙ

የምስክሩ ስም፦ ወልደገብርኤል አደሴ
ዕድሜ፦ ወደ 73 ዓመት (በራሳቸው ግምት)
የትዳር ሁኔታ፦ ባለቤታቸው በሞት የተለዩአቸው
ሥራ፦ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ
የትምህርት ደረጃ፦ መሠረተ ትምህርት
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቃሊቲ፣ ከብረት ማቅለጫው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ታኅሣሥ 18 ቀን 2004 ዓ.ም. ጠዋት
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ሙህሲን

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባለሙያ የሆነችው አሰጋሽ የኅዳር ሲታጠንን ጭስ የፋብሪካ ጭስ ነው ብላ አስመዝግባለች ተብላ በተከሰሰችበት ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ ቀርቤአለሁ። ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኛል። አሰጋሽ በልጄ ዕድሜ ስለሆነች አንቺ ነው የምላት፤ ንቀት ተደርጎ እንዳይያዝብኝ።

ብረት ማቅለጫው ከግቢዬ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ቁርጥራጭ ብረት ከየቦታው እያስመጣ ያቀልጣል። ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ነጭ ልብስ ውጭ ማስጣት ትቷል። ሕፃናቱ ያስላሉ። ባለፈው ዓመት የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ለአካባቢ ጥበቃ አቤት አለ። እኔም አብሬ አቤት ልበል እንጂ ተስፋ አልነበረኝም። የመንግሥት ሰው መጥቶ አይቶ፣ እናጣራለን ብሎ፣ በዚያው ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

እነዚህ ግን ተመልሰው መጡ። አሰጋሽና ረዳቷ ኢማድ የሚባለው ልጅ ቤት ለቤት እየዞሩ ጭሱ በስንት ሰዓት እንደሚብስ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ጠየቁ። ከዚያ አሰጋሽ አየሩን የሚመዝን ማሽን በግቢዬ እንዲተከል ለመነችኝ። እኔም ቤቴን የመንግሥት መጋዘን አላደርግም ብዬ መለስኳት። በሳምንቱ መጣች፣ መለስኳት። ደግሞ መጣች። በመጨረሻ እስቲ ምን እንደሚሠራ አስረጂኝ አልኳት።

ማሽኑ አየሩን እየሳበ በነጭ ወረቀት ውስጥ ያሳልፋል። አቧራው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ወረቀቱ ከመግባቱ በፊት ይመዘናል፣ ከወጣ በኋላም ይመዘናል። የጨመረው ክብደት መንግሥት ካወጣው ልክ ጋር ይተያያል። ሌላ እንዲህ ያለ ማሽን ነፋሱ በሚመጣበት ወገን በሌላ ሰው ግቢ እንደሚተክሉም ነገረችኝ። ይኸም ከዋናው መንገድ የሚመጣው የከባድ መኪና ጭስና አቧራ በፋብሪካው እንዳይታሰብ ነው።

እኔም «ፋብሪካው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝስ?» አልኳት።

«ንጹሕ ነው ብለን እንጽፋለን አባባ። ያኔ ከእርስዎ ጋር እንጣላለን» ብላ ሳቀች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ በግቢዬ ጥግ በብረት እግር ላይ እንዲተክሉት ፈቀድኩ።

ይህች ሴት ከፋብሪካው ጋር ጠብ የላትም። ልጄ አስቴር በዚያው ፋብሪካ ስቶር ኪፐር፣ ማለት የዕቃ ቤት ኃላፊ፣ ስለሆነች የውስጡን እሰማለሁ። ባለሙያዎቹ ከአንዴም ሁለት ሦስቴ ፋብሪካው ድረስ ሄደው፣ አቧራውን ከጭስ ማውጫው የሚያስቀር መሣሪያ እንዲገጠም መክረዋል፣ ጊዜ ሰጥተዋል። እኔ በንዴቴ አሰጋሽን፣ «ዝም ብላችሁ አትዘጉትም?» ባልኳት ጊዜ፣ «ከዘጋነው አስቴር የት ትሠራለች? እኛ የምንፈልገው ሥራውም እንዲቀጥል ሰዉም እንዲተነፍስ ነው» አለችኝ።

እኔንም አልማረችኝም። ማሽኑ ከተተከለ ጀምሮ ግቢዬን ውሃ ሳልረጭ እንዳልጠርግ፣ እሳትም እንዳላነድ አስጠንቅቃኛለች። አንድ ቀን የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብስቤ ሳቃጥል ደረሰችብኝ። «አባባ፣ ይህን የማንን እንበለው? የእርስዎን ነው የፋብሪካውን?» አለችኝ። በገዛ ግቢዬ ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ማሽኑን አጠፋች፣ የዚያን ዕለት ወረቀት አውጥታ «ይህ አይቆጠርም» ብላ ለየችው። የአንድ ቀን ሥራ በእኔ ቅጠል ተበላሽቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አላነደድኩም።

ኅዳር 11 ቀን 2004 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ አሰጋሽና ኢማድ መጡ። ነገ ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ቆሻሻዬን በራፌ ላይ እንደማጥን አስቀድሜ ነገርኳት። ባለቤቴ አስካለች ነፍሷን ይማርና አንድም ዓመት አስታጉላ አታውቅም፤ ከሞተች በኋላ እኔም አላስታጎልኩም። መንግሥትም ቢከለክለኝ አላቆምም አልኳት።

«ያጥኑ እንጂ አባባ። የማቆመው ማሽኑን ነው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ነገ አገሩ ሁሉ ያጨሳል። ያን ጭስ ፋብሪካው ላይ አልጭንም።»

ዓይኔ እያየ ወረቀቱን አውጥታ በፖስታ ከተተችና አሸገች። በእሽጉ ላይ እሷም ኢማድም እኔም ፈረምን። ኢማድ ማሽኑን ከመብራት ነቀለው፣ አፉን በላስቲክ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። እስከ ኅዳር 13 ቀን ማንም እንዳይነካው ለእኔ አደራ ተሰጠኝ። ፋብሪካውን ለማስቀጣት የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ የጭስ ቀን አያስመልጥም። እሷ ግን በገዛ እጇ አሳለፈችው። በልቤ ይህች የመንግሥት ሠራተኛ ናት አልኩ።

በማግሥቱ ኅዳር 12 ቀን ጠዋት እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሻሻዬን በራፌ ላይ አጠንኩ። እሳቴ ከጠፋ በኋላ፣ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከፋብሪካው ጋር ከሚያዋስነኝ አጥር በኩል ጥቁር ጭስ ግቢዬን ሞላው። ወጥቼ ስመለከት የፋብሪካው ዘበኛ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ልክ ከማሽኑ ትይዩ ጎማ ከምሮ፣ ናፍጣ አርከፍክፎ ያነዳል።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ዘበኛውም «ኅዳር አይደል አባት? እርስዎም አጥነው የለም እንዴ?» አለኝ።

«ሰው ጎማ ያጥናል?»

«እኛ ያለን ጎማ ነው» ብሎ ሳቀ።

ይህን ጊዜ ከአጥሬ ጎን ሱቅ ያለው ከማለዲን ጀሪካን ውሃ ይዞ ሮጦ መጣ። ከማለዲን የስልጤ ሰው ነው፣ ጎረቤቴ ነው። «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ኅዳሩ የእናንተ ነው፣ ግን ስኳሬ ጎማ ጎማ ሸተተ! ደንበኛ ልታባርሩብኝ ነው?» እያለ ውሃውን በአጥር ላይ አሳልፎ ደፋበት። ወደ ግቢዬም ገብቶ ማሽኑን አየና «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ዛሬ ጡረታ ወጣ እንዴ? ድምፁን አልሰማሁም» አለኝ። ማሽኑ ሲሠራ ሱቁ ድረስ ስለሚሰማ ነው። ላስቲኩ እንደ ተጠቀለለ፣ ሽቦው እንደ ታሰረ እሱም አይቷል። ተጠርቶ መጠየቅ ይችላል። ጎማው ሲነድ ከፋብሪካው በኩል አንድ ሰው ፎቶግራፍ ሲያነሳም አይተናል። ለምን እንደሚያነሳ ያን ጊዜ አልገባንም።

በኋላ ገባን። እስከ ኅዳር 11 ቀን የተሰበሰቡት ወረቀቶች ተመዝነው ከልኩ በላይ ሆነው ተገኙ። ፋብሪካው መሣሪያውን እንዲገጥም ታዘዘ። ይህን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ አቶ ፀሐዩ ያን ፎቶግራፍ ይዞ፣ ወረቀቱ የጠቆረው በኅዳር ጭስ ነው፣ አሰጋሽ ይህን ደብቃ ነው በፋብሪካው ያሳበበችው ብሎ ከሰሰ። ማሽኑ እየሠራ መስሏቸው ነው ጎማውን ያነደዱት። እነሱ በእሷ ቦታ ቢሆኑ ማሽኑን አያቆሙትም ነበርና እሷም ታቆመዋለች ብለው አላሰቡም። አሁን አሰጋሽ ከሥራ ታግዳለች። ከተፈረደባት ትታሰራለች፤ ወረቀቶቹም ይሰረዛሉ፤ ጭሱም እንደ ጀመረ ይቀጥላል።

ክሱ ከተመሠረተ ወዲህ አሰጋሽ በራፌን ረግጣ አታውቅም። በኢማድ በኩል አይዞሽ ብዬ ብልክባት፣ ከምስክር ጋር መነጋገር አይገባኝምና አባባ ይቅር ይበሉኝ ብላ መልሳለች። ይህም ይጻፍልኝ።

በራፌ የመጣው አቶ ፀሐዩ ነው። አስቀድሞ በልጄ በአስቴር ላከብኝ። ማታ ራት ላይ «አባዬ፣ አርጅቻለሁ አላስታውስም በል እያሉህ ነው። አለዚያ እኔን ከሥራ ያስወጡኛል» አለችኝ። ቤታችን የቆመው በእሷ ሥራ ነው። እኔ ግን አርጅቷል መባሌ ሳይሆን እንደ ጅል መቆጠሬ አናደደኝ፣ ራቱን ትቼ ተነሳሁ። አራት ቀን ያህል አልተነጋገርንም። ከዚያ አቶ ፀሐዩ ራሱ በመኪና መጥቶ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ፊደል እንኳ በቅጡ አይለዩም፣ ስለ ማሽን ምን ብለው ይመሰክራሉ?» አለኝ። የተነቀለ ማሽንና የሚጮህ ማሽን ለመለየት ፊደል አያስፈልግም ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

በመጨረሻ ሳጅኑ ጎማውና ናፍጣው ከየት እንደ ወጣ፣ ያስወጣውስ ማን እንደሆነ ጠይቆኛል። እኔ ሲነድ ነው ያየሁት፤ ያላየሁትን አልናገርም። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ለመምጣት ስወጣ አስቴር ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ወደ ሥራ የምትሄድ መስሎኝ «ሰዓትሽ አለፈ እኮ» አልኳት።

«ዛሬ ከአንተ ጋር ነኝ» አለችኝ።

«ከእኔ ጋር ሄደሽ ምን ልትሠሪ?»

«የስቶሩ ቁልፍ ያለው እኮ በእኔ እጅ ነው አባዬ» አለችኝ።

ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። መንገዱን ሙሉ ተመለሺም አላልኳት፣ በርቺም አላልኳት። አሁን ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። የእሷ ቃል በእኔ ቃል ውስጥ ገብቶ እንዳይጻፍ፣ ራሷን አስገብታችሁ በራሷ ወረቀት እንድትቀበሏት አመለክታለሁ።

ይህ ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ሁለት ቦታ አሳርሜ ታርሞልኛል። ያየሁት አልተቀነሰበትም፣ ያላየሁት አልተጨመረበትም። እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ፍርድ ቤትም ቀርቤ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ወልደገብርኤል አደሴ
ቃል የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ሳጅን ሙህሲን