የጓደኛን ወረቀት ማንበብ

የመነጽሬ ብሎን ባይላላ ኖሮ ይህን ጉድ አላይም፤ ዛሬም ሊፍት ባየሁ ቁጥር ወደ ደረጃው አልሸሽም ነበር። ካቻቢቴ ልዋስ ብዬ ከምሳ በኋላ ወደ ኮሌጃችን ወርክሾፕ ጎራ አልኩ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ከቁጥር በቀር በእጄ የማቃናው ነገር የለም። የወርክሾፑ ኃላፊ ተማሪዎች «ጋሼ ሚሊ» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የበር እጀታ እንኳ በሚሊሜትር ሳይለኩ አያስገጥሙም። ያን ቀን ግን ሜትራቸውን ብረት መንከሻው ሞርሳ ላይ ጥለው ከእህታቸው ልጅ ጋር ይሟገታሉ።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎ፤ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቱ እናት ከወደቀች ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። ከኮሌጁ አጥር ማዶ ባለው ክሊኒክ እግሯን የሚያሹበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ በወንበር ተሸክመው ሲያወጧት አንዴ ደረጃው አዳልጧቸው ለጥቂት ተርፋለች። ስለዚህ የሦስት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያቸው እዚያው ክሊኒክ አንድ ትንሽ ሊፍት ሠሩ። ምሰሶውን ሲቪሎቹ፣ ገመዱንና ፍሬኑን መካኒካሎቹ፣ ሞተሩንና ሽቦውን ደግሞ ኤሌክትሪካሎቹ፤ ልጅቱም ከነዚህ ናት። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እናትየዋ ነበረች።

«ያለችኝ እህት እሷ ብቻ ናት» አሉ ጋሼ ሚሊ። «ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ገመድ ሲበጠስ ይታየኛል። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ተይ ብላት እምቢ አለችኝ።»

«እኔም ፈርቻለሁ እኮ ጋሼ! ስለፈራሁ ነው የምለምንዎ። ሦስታችንም ክፍሎች ዛሬ እዚህ ጠረጴዛዎ ዙሪያ እንቀመጥና አንዱ የሌላውን ወረቀት ጮክ ብሎ ያንብብ።»

«አይሆንም! ንድፍ በምቀበልበት በዚህ መስኮት ሃያ ዓመት ሙሉ ሕጉ አንድ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ንድፍ ፈርሞ ያስረክባል፣ እኔ ማኅተም እመታለሁ። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው። የሽቦ ተማሪ ስለ ፍሬን ሞላ ምን አገባት?»

«ሁሉም የየራሱን ብቻ ካየ መሀሉን ማን ያየዋል? አሸዋ ጭነን ሞክረነዋል፤ ወጥቷል፣ ወርዷል። ግን የመካኒካሉ ልጅ የኔን ወረቀት አንድ ቀን አላየም፣ እኔም የሱን። ከፍሬኑ የሚወጣ ሁለት ሽቦ ሰጡኝ፣ ቀጠልኩ፤ በቃ።»

«ካላመንሽው እናትሽን ለምን ትጭኛለሽ?»

ልጅቱ የንድፍ ወረቀቷን ጠቀለለች። «ቅሪ ብያት ነበር። ‹ልጄ በሠራችው እኔ ካልወጣሁ ማን ይውጣበት?› አለችኝ።»

እኔ በሰው ክርክር መግባት አልወድም፤ ፍርሃታቸው ግን ወደኔም ተጋባ። «ጋሼ፣ በር ሲያስገጥሙ የሚለኩት በሩን ብቻ ነው?» አልኳቸው።

«መቃኑንም ነዋ! አለዚያ እንዴት ይገጥማል?»

«ታዲያ ይሄስ?»

ሽማግሌው ሜትራቸውን አንስተው ሲከፍቱና ሲዘጉ ቆዩ። «አንድ ሰዓት» አሉ በመጨረሻ። «ሳይቃጠል በቅጠል ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ሰጥቻችኋለሁ።»

የሌሎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ተጠሩ፤ መጡ። መጀመሪያ የሲቪሏ ተማሪ ወረቀት ተነበበ፣ እንከን አልተገኘበትም። ቀጥሎ ልጅቱ የመካኒካሉን ያዘች። «‹ፍሬኑን የሚያላቅቀው ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ሞላው ፍሬኑን ተጭኖ ሊፍቱን አንቆ ይይዛል›» ብላ አነበበችና ድምፅዋ ቆመ።

የመካኒካሉ ልጅ ምኑም አልገባውም፤ ተራውን ጠብቆ የሷን ቀጠለ። «‹መብራት ቢጠፋ ፍሬኑ እንዳይለቅ ለብቻው ባትሪ ተገጥሞለታል።› ምን? ይሄ መቼ ተገጠመ?»

«በቀደም፣ ከሙከራው በኋላ» አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ኤሌክትሪክ ሲያጣ የሚለቅ መስሎኝ... ለእማዬ ብዬ...»

እኔ እስኪገባኝ ጥቂት ቆየሁ። መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይሞታል። ፍሬኑ ግን ከባትሪው እየተመገበ እንደተላቀቀ ይቀራል። እናትየዋ ፎቁ አጋማሽ ላይ ሳለች መብራት ቢሄድ የሚይዛት አንዳች ነገር የለም።

ክሊኒኩ ድረስ እየሮጥን ሄድን። በእናትየዋ ክብደት ልክ አሸዋ ጫኑ። አንድ ሜትር ያህል እንደወጣ ልጅቱ ዋናውን ማጥፊያ ሳበችው። ሊፍቱ ወረደ አይባልም፤ ወደቀ። ከረጢቱ ፈንድቶ አሸዋው ጫማችን ላይ ተበተነ። ጋሼ ሚሊ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው «ማኅተም መትቼበታለሁ፤ በዚህ እጄ» እያሉ መዳፋቸውን ያያሉ።

የማግስቱ ቀጠሮ ቀረ። ሳምንት ሙሉ ሦስቱም ክፍሎች አንድ ላይ ከርመው ባትሪውን ነቀሉ፣ ገመዱን ለወጡ፣ የሲቪሏ ተማሪ ምሰሶውን ብሎን በብሎን መረመረች። አሸዋ ጭነው ሃያ ጊዜ መብራት አጠፉ፤ ሃያውንም ጊዜ ያዘ።

በአዲሱ ቀጠሮ ቀን ጋሼ ሚሊ ከእህታቸው ጎን ገብተው ቆሙ። አጋማሽ ላይ ሲደርሱ «አጥፊው!» ብለው ጮኹ። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና አጠፋች። ቋ! አለ ፍሬኑ፤ ሊፍቱም ባለበት ቀጥ አለ። ከላይ የእናትየዋ ድምፅ ተሰማ። «ወንድም ጋሼ፣ እጄን ይልቀቁኝ እንጂ ሊሰብሩት ነው! ይኸው ይዞን የለ?»

ልጅቱ ኋላ የባትሪውን ነገር ሳትደብቅ ነገረቻት። እናትየዋ ፀጉሯን ዳብሳ «ለኔ ብለሽ ነው፤ ምን ጥፋት አለው?» አለቻት።

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ እማዬ። አንቺን ብዬ ነው፤ ወረቀቴ ለብቻው ሲነበብ ደግሞ ስህተት አልነበረበትም።»

ዛሬ በዚያ መስኮት የራሱን ወረቀት ብቻ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ማኅተም አያገኝም። ጋሼ ሚሊ «የጓደኛህን አንብብልኝ» ይሉታል። «ፊርማ ከወቀሳ ያድን ይሆናል እንጂ ከመውደቅ አያድንም» ማለት ለምደዋል። ሲቪሏ ስለ ሞላ ስትጠይቅ ሞላው እንደማይበላሽ፣ ይልቁንም ያላሰቡት እንደሚታሰብ፣ የሚፈራ ሰውም ፍርሃቱን ለሌላ ሲያካፍል ጥንቃቄ እንደሚሆንለት ለመጣው ሁሉ ያስረዳሉ። ያ ባትሪ ጠረጴዛቸው ላይ የወረቀት መጫኛ ሆኗል። ማኅተሙን ከማንሳታቸው በፊት ሁልጊዜ አንዴ ይነኩታል።