ጰራቅሊጦስን ያለ ትርጉሙ

የኔታ ወልደአማኑኤል ከመሃል ከተማ ሲመለሱ ታቦር ተራራ ግርጌ ታቢታን አገኟት። ታቢታ የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ናት፤ የምታመልክበት ጸሎት ቤት በካድሬዎች ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የኔታ ደግሞ የአዋሳን ሰው ዳዊት ሲያስነብቡ ያረጁ፣ በንባብ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው።

"የኔታ፣ እትዬ ሙሉጌጥ እህል ከቀመሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው" አለች፣ ሰላምታዋን ሳትጨርስ።

የኔታ ክው አሉ። ሙሉጌጥ ጎረቤታቸውም ተማሪያቸውም ናት። የአንድ ልጇ የሙሴ መርዶ ከጦር ግንባር ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። በቀደም ዕለት መጽሐፏን ይዛ መጥታ፣ "ጰራቅሊጦስ በዓሉን አውቃለሁ፤ ቃሉ ግን ምን ማለት ነው?" ብላ ጠይቃቸው ነበር።

"ምን መለሱላቸው?" አለች ታቢታ።

"ጰ፣ ራ፣ ቅ፣ ሊ፣ ጦ፣ ስ አስባልኋት። የንባቡ ድምፀት ተጣይ ነው፣ እንደ ወዳቂ ንባብ አታውድቂው ብዬ አረምኋት። ንባቡ ሳይጠራ ትርጉም አይሰጥም ልጄ፤ ሥርዓት ነው። እኔስ ትርጓሜ ለመስማት አሥራ አንድ ዓመት ደጅ ጠንቼ የለ?"

"እርስዎ ያኔ ወጣት ነበሩ። እሳቸው አሥራ አንድ ዓመት ከየት ያምጡ?" ታቢታ ዞር ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔም ክፍል መፈክሩን እንደ ውኃ የሚጠጡት ሞልተዋል። ምን አላችሁ ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። እርስዎም እንደዚያ እንዲያነቡልዎ ነው የሚፈልጉት?"

"ከመፈክር ጋር ታወዳድሪዋለሽ? የጽርእ፣ የግሪክ ቃል እኮ ነው!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምን ማለት ነው ታዲያ?"

"አጽናኝ" አሉ የኔታ።

የኔታን ክፉ የሚላቸው ካለ አላወቃቸውም። ያደጉበትን ሥርዓት የሚያፈርሱ እየመሰላቸው ነው አንጀታቸውን ያስጨከኑት።

"ልጇ የተቀበረበትን እንኳ የማታውቅ ሴት አጽናኝ ብትጠይቀኝ ፊደል አስቆጠርኋት" አሉ በመጨረሻ። "እውነት ብለሻል፤ ነይ እንሂድ።"

ሙሉጌጥ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የኔታ ሳይቀመጡ ነገሯት።

"ጰራቅሊጦስ አጽናኝ ማለት ነው።"

ቀና ብላ ብዙ አየቻቸው።

"አርባ ዓመት ሙሉ ስጠራው የኖርሁት አጽናኝ ነው? ታዲያ የኔታ፣ የት ነው ያለው?"

የኔታ በማስተማር ዘመናቸው ብለውት የማያውቁትን "አላውቅም" አሏት፤ ጥምጥማቸውን አውልቀው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡና አብረዋት አለቀሱ። ታቢታ ያቀረበችውን አጥሚት ሙሉጌጥ አልነካችም።

ከዚያ ወዲህ የኔታ ማንኛውንም ቃል ከነትርጉሙ ያስተምራሉ። ጥቅሙን ለሚጠይቃቸው፣ "የሚያነብ ሰው ምን ተስፋ እንደተሰጠው ይወቅ፤ ካላገኘም ይጠይቅ" ይላሉ። ሙሉጌጥ እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።